በሙሉ ድምፅ ያልተዘጋው ቃለ ጉባኤ

ልጄ በከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ከሆነች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። ስብሰባ ባለበት ሁሉ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው እሷ ስለሆነች ባልደረቦቿ «እስክሪብቶ» ይሏታል። ጽሕፈቷን ፊደል በስተርጅና የቆጠርኩት እኔ እንኳ ሳልደናቀፍ አነበዋለሁ። ወደ ዕቅድ ክፍል ልዛወር ብላ ደጋግማ አመልክታ «ያለሽ ልምድ መጻፍ ብቻ ነው» እየተባለች ተመልሳለች።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው፣ ዓለም ውሃውን፣ አየሩንና አፈሩን ወደፊት በምን ሕግ አብሮ ያስተዳድር የሚል የሁለት ሳምንት ሥልጠና ሲያወጣ ፈቃድ ጠይቃ ገባች። ከሠልጣኞቹ አንድ ቡድን ከሥልጠናው ቀጥሎ ለሚሰጥ የስድስት ወር ትምህርት ይመረጣል ተባለ። ያንን ከጨረሰች የዕቅድ ክፍል ምክንያት አያገኝባትም። ቁርስ ላይ ሳይቀር ወሬዋ ይኸው ሆነ።

የመጨረሻው ቀን ፈተና የልምምድ ጉባኤ ነበር። ሦስት አገሮች የሚጋሩት ሐይቅ አለ እንበል። ሠልጣኞቹ በሁለት ቡድን ተከፈሉ፤ በልጄ ቡድን በዕጣ አንዱ መንግሥት፣ አንዱ ፋብሪካ፣ አንዷ ዓሣ አስጋሪ ሆኑ። ለልጄ የደረሳት ገና ያልተወለዱ ሰዎችን መወከል ነው። ሁሉም ተስማምተው የፈረሙበትን ቃለ ጉባኤ ከአሥር ሰዓት በፊት ያስረከበ ቡድን ያልፋል። ጽሕፈቱንም እንደተለመደው ለእሷ ሰጧት። ፋብሪካ የደረሰው መሐንዲስ ተጫዋች ቢጤ ነው፤ «ያልተወለደ ሰው አፍ የለውም፤ ለመጻፍ ይመችሻል» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። እሷም ሳቀች።

ሲከራከሩ ውለው ፋብሪካዎቹ ለሠላሳ ዓመት ውሃ እንዲቀዱ፣ ውሉም እስከዚያ እንዳይነካ ወሰኑ። ልጄ ውሉ በየአምስት ዓመቱ እንደገና ይታይ ብላ ሁለት ጊዜ አንሥታ ነበር። አቀርቅራ እየጻፈች ስለተናገረች ነው መሰል፣ ልብ ያላት የለም። ሩብ ሰዓት ሲቀር መሐንዲሱ በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል በይና ዝጊው አላት።

ይህንን ቃል በመሥሪያ ቤቷ ስንት መቶ ጊዜ ጽፋዋለች። ስብሰባው ሳይጀመር አስቀድማ የምትጽፍበት ጊዜ እንዳለም አጫውታኛለች። ያን ቀን ግን ቀና አለች።

«እኔ አልተስማማሁም» አለች።

«አንቺ እኮ ጸሐፊያችን ነሽ፣ እህቴ» አላት መሐንዲሱ።

«ወኪልም ነኝ። ያልሆነውን ሆነ ብዬ አልጽፍም።»

ዓሣ አስጋሪ የሆነችው መምህርት ሠላሳ ዓመት ለምን እንደማይሆን እስቲ አስረጂን አለቻት። ልጄ ማስረዳት ስትጀምር መሐንዲሱ ሰዓቱን እያየ ተቃወመ፤ ሌሎቹም ገቡበት። በዚህ መሐል አሥር ሰዓት ሞላ። ዕድሉ በሰዓቱ ላስረከበው ለሌላው ቡድን ሆነ።

ሰዎቹ ግን ክርክሩን ትተው አልተነሡም። የጽዳት ሠራተኛዋ እግር አንሡ እያለች ስትጠርግ አንድ ሰዓት ተኩል ቆዩ። በየሰባት ዓመቱ ይታይ በሚለው ተስማሙ። እሷ ጻፈች፣ ሁሉም ፈረሙ፤ መጨረሻ የፈረመው መሐንዲሱ ነው። የሚረከባቸው ሰው ግን አልነበረም።

ቤት ስትገባ ዓይኗ ቀልቷል። ጫማዋን ሳታወልቅ ቁጭ ብላ ነገረችኝ። እኔ ብሆን ጽፌ እዘጋው ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ። ለእሷም እንዲሁ አልኳት።

«ታዲያ አሁን ምን ይሻለኛል፣ እማ?» አለችኝ።

ለዕቅድ ክፍሉ እንደገና አመልክቺ አልኳት። ሰኞ ዕለት ማመልከቻዋን አስገብታለች። እስካሁን መልስ አልመጣም።