የኩንማናራ ወገን

ሸራው በሥዕል ቤቱ በረንዳ ላይ ተዘርግቷል። ሴቶቹ ዙሪያውን መሬት ላይ ተቀምጠው እያንዳንዷ የተወለደችበትን ቦታ ትሥላለች። ዊኒፍሬድ እንደ ወትሮው በደቡብ በኩል ናት። ከፊት ለፊቷ ያለው ቦታ ግን ባዶ ነው፤ እዚያ የምትቀመጠው እህቷ ነበረች። በአገራቸው የሞተ ሰው ስም ስለማይጠራ ከቀብሩ ወዲህ ሁሉም «ኩንማናራ»፣ ስሟ የማይነሣው፣ ይላታል። ሁለቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከየወገናቸው እየሣሉ መጥተው በሸራው መሀል፣ ሁለቱን አገር በሚለየው ደረቅ ወንዝ ላይ ይገናኙ ነበር።

ዊኒፍሬድ ምንም አይሰማትም። በለቅሶው ሰው ሲጮህ አብራ ጮኻለች፤ ውስጧ ግን ደንዝዟል። ሻይ ሲሰጧት ትጠጣለች፤ ቀለም ሲያቀብሏት ብሩሿን ትነክራለች። እንዲህም መኖር ይቻላል ለካ።

የተጨነቁት ሌሎቹ ናቸው። በባዶው ቦታ መሣል ያለበት የዓለት ኩሬ የኩንማናራ የትውልድ ቦታ ነው፤ ልጇ ሮሴት ካልሣለችው ማንም ሊነካው አይችልም፤ ሸራውም አፉን ከፍቶ ይቀራል። ሮሴት ደግሞ ከቀብሩ ወዲህ ብሩሽ አልያዘችም። ግድግዳውን ተደግፋ ስልኳን ስትጎረጉር ትውላለች።

በዚህ መሀል የአሮጊቷ የኢዲት ውሻ እርጥብ ቀለም ላይ ተንጎራደደ።

«ውሻሽ ከአንቺ ይሻላል፤ ሳይለመን ይሠራል!» አለቻት አንዷ።

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ዊኒፍሬድም ሳቀች፤ ሳቁ ግን ከሌላ ሰው አፍ የወጣ መሰላት። ነጭ ነጠብጣቧን ቀጠለች። ወንዙ ጋ ስትደርስ ከወዲያ የሚጠብቃት አልነበረም፤ እጇም ሳይቆም ተሻገረ።

ሳቁ ቀጥ አለ።

«አንቺ! ወዴት ነው?» አለች ኢዲት። «ያ ያንቺ አይደለም እኮ! ዓይንሽ ጠፋ?»

ዊኒፍሬድ ጎንበስ ብላ አየች። የሰው አገር ሳይፈቀድ መሣል ነውር ነው። ማፈር እንዳለባት ታውቃለች፤ ኀፍረቱ ግን አልመጣ አለ።

«መቆሚያው ጠፋብኝ» አለች።

ሮሴት ከግድግዳው ተነሣች። ቀይ ቀለም ቀድታ በእናቷ ቦታ ቁጭ አለች። የተሻገሩትን ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ሸፈነቻቸው።

«እማ» አለቻት፤ የእናት እህት እናት ናት። «ተመለሽ። አንቺ ወደዚህ አትምጪ፤ እኔ እመጣለሁ።»

ኩሬውን ጀመረች። ክቡ ተንጋደደባት።

«ድስት ነው እንዴ የምትሥዪው?» አለች ኢዲት። ማንም አልሳቀም።

ሮሴት ግን አላቆመችም፤ ከኩሬው ወደ ወንዙ፣ ወደ ዊኒፍሬድ፣ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ትመጣ ጀመር። ዊኒፍሬድ ብሩሿን ይዛ ቀና አለች። ከወዲያ የምትመጣው እህቷ አልነበረችም። መሞቷ ያኔ ገባት።