ባሌ ዘር የቆጠረ ዕለት

ዕብራይስጥ በሚነገርበት በዚህ ሀገር «አርጅተሻል» የሚለኝ ሰው የለም። ኩፓ፣ ሐኪም ቤቱ ማለቴ ነው፣ ስሄድ ወረፋ የሚያሲዙን «ካሺሽ» ብለው ነው፤ በአክብሮት ያረጀ እንደማለት። ከማዘጋጃ ቤት የምትደውለው ልጅ ደግሞ «ኤዝራኽ ቫቲክ» ትለኛለች፣ ነባር ዜጋ። የአውቶቡሱ ሹፌር ዘመዴ ይመስል «ሳፍታ፣ ቁጭ በይ» ይለኛል። እኔ የሱ አያት! ከላይ ፎቅ ያለችው ሩሲያዊት ጎረቤቴ እንኳ «ባቡሽካ»፣ በቋንቋዋ አያቴ፣ ያላትን ልጅ በገበያ ዘንቢሏ ደረጃ ለደረጃ ስታባርረው አይቻለሁ፤ ደግ አደረገች። የምንኖርበት ሰፈር ራሱ ሺኩን ቫቲኪም ነው የሚባል፣ የነባሮች ሰፈር። እንግዲህ ገና በአርባ ዓመቴ ስገባበት አርጅቼ ኖሯል።

እኛ ቃል አናሽሞነሙንም። ጎንደር ልብስም ያረጃል፣ በሬም ያረጃል፣ ሰውም ያረጃል። ነገር ግን ለወንዱና ለሴቷ እኩል አላካፈልነውም። ወንድ ሲያረጅ ሽማግሌ ይባላል፤ ብድግ ይባልለታል፣ ምክር ይጠየቃል፣ የተጣላ ያስታርቃል። ሴት ስታረጅ አሮጊት ትባልና በቃ፣ አለቀ። ይህን ለልጄ ሚስት ብነግራት «አንቺን ደግሞ ማን ደፍሮ አሮጊት ብሎሽ ያውቃል?» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፤ ምላሴን ይፈሩታል።

ከሁሉ የከፋው ግን «ጃጀ» የሚለው ነው። ጃጀ የተባለ ሰው ቁጭ ብሎ እያለ ይታለፋል። ሲናገር ልጆች ይጠቃቀሳሉ፤ ቃሉን ማንም አይዝለትም። ባሌ ካለፈው ዓመት ጀምሮ መዘንጋት ሲያመጣ እኔ የፈራሁት ይህን ቃል ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። መጀመሪያ የቤቱን ቁልፍ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጠና ሳቅን። ቀጥሎ ልጃችንን በሟች ወንድሙ ስም ጠራው፤ አሁንም ሳቅን። አንድ ቀን ግን ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ኤይን ሀትኽሌት ተገኘ። ያን ቀን አልሳቅሁም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ለማንም አልተነፈስሁም።

የደበቅሁበት ምክንያት ነበረኝ። ባሌ ዘር ቆጣሪ ነው። በእኛ ዘንድ ሁለት ልጆች ከመጋባታቸው በፊት የሁለቱ ወገን ሽማግሎች ተቀምጠው እስከ ሰባት ቤት ድረስ አያት ቅድመ አያት ይቆጥራሉ። አንድ ስም ከገጠመ ልጆቹ ዘመድ ናቸው፤ ጋብቻ የለም። ከእኛ ወገን ይህን የሚያውቅ እሱ ብቻ ቀርቷል። ይህን ከወሰዳችሁበት ምን ይተርፈዋል? የኩፓው ካሺሽ መሆን ነው።

በዚህ መሀል የልጄ ልጅ ከጎረቤት ከተማ፣ ከቃዲማ ዞራን፣ አንድ ልጅ ወደደች። «ሳፍታ፣ ከእሱ ሌላ ሰው አላገባም» አለችኝ፣ እኩሌታውን በዕብራይስጥ። ልጁን አየሁት፤ ሥራ ያለው፣ ሳህን አንሣ ሳይሉት የሚያነሣ። ወደድሁት። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት አባቱ ከሽማግሌያቸው ጋር መጡ። ልጅቷ ማዕድ ቤት ገብታ በሩን ገርበብ አድርጋ ትሰማለች።

አስቀድሞ የእነሱ ሽማግሌ ቆጠረ፣ ጥርት አድርጎ። ከዚያ ባሌ ጀመረ። ነጠላውን ወደ ትከሻው መለሰ፣ ድምፁ እንደ ዱሮው ሞላ፤ ደስ አለኝ። ከልጅቷ አባት ተነሥቶ ራሱን፣ አባቱን፣ አያቱን እያለ ወጣ። አምስተኛው ቤት ላይ ሲደርስ እንግዶቹ አሁን የጠሩትን ሰው ጠራ። ያንኑ ስም፣ ያንኑ መንደር።

የልጁ አባት ፊቱ ጠቆረ። «ገጠመ እንግዲህ» አለ ሽማግሌያቸው ቀስ ብሎ። «ሳይረፍድ ማወቃችን ደግ ነው።» ካፍ ከወጣ አፋፍ። የማዕድ ቤቱ በር ሲዘጋ ሰማሁ።

እኔ ግን አውቃለሁ። ልጆቻችንን ሁሉ ስንድር እሱ ሲቆጥር ከጀርባው ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ያ ሰውዬ ከባሌ ቅድመ አያት ጋር በሬ የሚቀናጅ ጎረቤት ነበር እንጂ ሥጋው አይደለም። ዝም ብል የልጄ ልጅ ሳትዳር ትቀራለች። ብናገር ባሌን በእንግዳ ፊት ጃጅተሃል ማለቴ ነው። ቢሆንም እኛ ኖረናል፤ እሷ ገና መጀመሯ ነው።

«ተሳስተሃል» አልሁት። «እሱ ጎረቤት ነበር።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሽማግሌያቸው ፈገግ አለ። «እመይቴ፣ አይቀየሙኝ። አያት ለልጅ ልጇ ስትል የማትለው የለም። እኛ የምንይዘው የሳቸውን ቃል ነው።»

ደሜ ፈላ። «ኧረ! ዘር የሚቆጠር በጢም ነው እንዴ?» አልሁት። ደግሞስ ምን ዋጋ አለው? ቃሉ የባሌ ነው፤ እሱ ራሱ ካላነሣው ማንም አያነሣውም።

ባሌ ትኩር ብሎ አየኝ። በሰው ፊት አርሜው አላውቅም፤ ሊቆጣ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

«እንዲያ ነው?» አለኝ።

«እንዲያ ነው» አልሁት።

ወደ እንግዶቹ ዞረ። ቀጥ ብሎ እንደተቀመጠ፣ ድምፁም ሳይሰበር፣ «እኔ ጃጅቻለሁ» አላቸው። «ካሁን ወዲያ የኔን ቃል አትያዙ። ዘራችንን የምታውቅ እሷ ናት፤ እሷን ስሙ።»

የተጠቃቀሰ የለም። ሽማግሌያቸው ብድግ አለና ወንበሩን ወደ እኔ አዙሮ ተቀመጠ።

ቆጠርሁ። ሰባቱንም ቤት ቆጠርሁ፣ በእናቷም በአባቷም፤ አልገጠመም። ልጅቷ ትዳራለች። በየስሙ ባሌ ራሱን እየነቀነቀ «አዎን» ይል ነበር፣ ምስክር ሆኖ። አምስተኛውን ስም ስጠራ ግን «አዎን» አላለም። ቀና ብዬ ባየው ስሙ ጠፍቶበታል፤ እየፈለገው ነው። እንግዶቹ ይጠብቃሉ። እጁን ጉልበቴ ላይ አኖረና ከኔ አፍ ተቀብሎ «አዎን» አለ።