ከአስር አንድ

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ቴፒ በሚገኘው ትምህርት ቤታችን የእንግሊዝኛ ክበብ አባል ነበርኩ። ሥራዬ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ በሚኒ ሚዲያው ማይክሮፎን «የዕለቱን ቃል» ማንበብ ነው። ቃሉ እንግዳ በሆነ ቁጥር ደረቴን እነፋለሁ። ሰልፈኛው ግን ወይ ያዛጋል ወይ ይገፋፋል፤ የሚሰማኝ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

የዚያን ቀን ያመጣሁት ቃል «ዴሲሜት» ነበር። ከመዝገበ ቃላት እንደገለበጥኩት፣ ዛሬ ሰዎች የሚጠቀሙበት አብዛኛውን መፍጀት ለማለት ነው፤ በሽታ ያገሩን ቡና ሲፈጀው፣ እንበል። ሥሩ ግን «አስር» ከሚለው የላቲን ቃል ይመዘዛል። ጥንት የሮማ ጦር ሲያምፅ ወታደሮቹ በአስር በአስር ተከፍለው ዕጣ ይጥሉ ነበር። ዕጣ የወጣበትን አንዱን ዘጠኙ የገዛ ጓደኞቹ ቀጥቅጠው ይገድሉታል። ይህን በእንግሊዝኛም በአማርኛም አነበብኩ። ደስ ብሎኝም ነበር።

ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ የቡና ችግኝ በገጀራ ተጨፍጭፎ ተገኘ። ችግኙን የመንከባከቡ ተራ የእኛ ክፍል ስለነበር ዩኒት ሊደሩ፣ ሥነ ሥርዓት የሚያስከብረው መምህር፣ በአንድ ረድፍ አሰለፈን።

«ማነው?» አለ።

«ጥሩ። የጠዋቱን ቃል ሰምታችኋል።» ትከሻችንን እየነካ ከፊት መቁጠር ጀመረ። አስረኛውን አንገቱን ይዞ ጎትቶ አወጣው።

ከክፍሉ ሁሉ ነገሩ የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። በዓይኔ ቆጠርኩ፤ ሃያኛው እኔ ነኝ። ከፊቴ የቆመው ዴስክ የምጋራው ጓደኛዬ ነበር፤ ከሸኮ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ የተላከለትን ጎደሬ ለብቻው በልቶ የማያውቅ ልጅ። «እባክህ ከፊትህ ልቁም» አልኩት። ለምን እንኳ አላለኝም። ፈቀቅ ብሎ አሳለፈኝ።

«ሃያ!» አለ መምህሩ፣ እሱን እየጎተተ።

ከእሱ ጋር በአንድ አስር ውስጥ ለተቆጠርነው ዘጠኛችን የቡና እንጨት ዱላ ታደለን። «አለሳልሶ የመታ በእሱ ቦታ ይንበረከካል» ተባልን። ጓደኛዬ ተንበርክኮ ፊቱን በሁለት ክንዱ ሸፈነ። ከበብነው። የመጀመሪያው ዱላ ክንዱን ተረተረው፤ ደሙ ሸሚዙ ላይ ወረደ። ሁለተኛው ጀርባው ላይ፣ ሦስተኛው ጎኑ ላይ አረፈ። አንዲት ልጅ ብቻ መምህሩ ዞር ባለ ቁጥር ዱላዋን ቀስ አድርጋ ታሳርፍ ነበር። እኔ በሙሉ ጉልበቴ ጆሮ ግንዱን አልኩት። አጥንቱ ጮኸ። ደገምኩት፤ ድገም ያለኝ ግን አልነበረም። ያሳለፈኝ እሱ ስለሆነ ተናድጄበት ነበር። ለምን እንቢ አላለኝም?

በሳምንቱ ዳቦ ይዤ ቤቱ ሄድኩ። ግራ ጆሮው ከእንግዲህ እንደማይሰማ ጤና ጣቢያ ነግረውታል። በደህናው ጆሮው በኩል እንድቀመጥ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ፊቴን ሸፍኜም አውቄሃለሁ» አለኝ። «ሁሉም ሲፈጁኝ አንዱ ዱላ ቀስ ብሎ ነበር የሚያርፈው። አንተ ነህ አይደል?»

«አዎ» አልኩት።

«ጌታ ይባርክህ» አለና ዳቦውን ቆርሶ ትልቁን ለእኔ ሰጠኝ።