በየጠዋቱ የሚታደሰው ስም

ወልቂጤ ውስጥ፣ ከአንድ ፎቶኮፒ ቤት ጀርባ በተከራየናት ክፍል፣ ለመድኃኒት ቤቶች የክምችት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የምንሠራ ጥቂት ልጆች ነበርን። ሥራችንን ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት አድርገን አስቀምጠነዋል። ስለ ሶፍትዌሩ ለአዲስ ሰው የሚያስረዳ ፋይል አለው፤ በፋይሉ መጨረሻ ደግሞ የሠሪዎቹ ስም። ያቺን ክፍል ማንም በእጁ አይነካትም። ጓደኛዬ የጻፋት ስክሪፕት፣ በራሷ የምትሠራ ትንሽ ፕሮግራም፣ በየጠዋቱ የድሮውን ትሰርዝና፣ ማን ምን እንደሠራ ቆጥራ እንደገና ትጽፋለች። ሦስት ወር ሙሉ ምንም ሥራ ያልላከ ሰው ስሙ ይወጣል።

ሕጉን ያመጣው ከአባቱ ዕድር ነው። አባቱ ቡታጅራ ነጋዴ ናቸው፣ የሠፈራቸው ዕድር ዳኛም ናቸው። ከቀብርና ከለቅሶ ደጋግሞ የቀረ አባል እዚያ ይሰረዛል። ጓደኛዬ ይህን እየሰማ ነው ያደገው። መጀመሪያ የተሰረዘው ሥራ ጠልቶ ስም የሚወድ አንድ ባልደረባችን ነበር። ሳቅንበት፤ ይገባዋልም።

አባትየው «ኮምፒውተር ይበላል?» እያሉ ዓመታት አሹፈውበታል። ፍላጎታቸው መርካቶ አጎቱ ሱቅ እንዲገባ ነበር። ለመስቀል ሁሉም አገሩ ሲገባ፣ ልጁ ስሙን በስልክ አሳያቸው፤ ከሁሉም በላይ ተጽፎ። ገጹን በራሳቸው ስልክ አስከፍተው ሱቅ ለመጣ ሰው ሁሉ ማሳየት ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ያቺ አንዲት መስመር ለጓደኛዬ ከደመወዙ በላይ ሆነች።

በዓመቱ ኩላሊቱ ታመመና አታት አካባቢ ሆስፒታል ተኛ። ልጠይቀው ስሄድ ፊቱ አብጦ፣ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ከፋይሉ አንድ የተዛባ ዓረፍተ ነገር ያስተካክላል። ሌላ መሥራት አቅቶታል፤ ስሙ እንዳይወጣ ግን ይቺም ትበቃለች።

«ሕጉን ላንተ ላላላው» አልኩት።

«እንዳትነካት! ለኔ ካላላሃት ለዚያ ሰነፍ ምን ልትለው ነው?»

ተናደድኩበት። የታመመ ሰው ላይ መናደድ ነውር ነው፣ ግን ተናደድኩበት።

ከዚያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀና ኢንተርኔት ጠፋ። ስክሪፕቷ ያለችው ውጭ አገር ሰርቨር ላይ ስለሆነ የኛ መጨለም አላገዳትም፤ ቀኗን ትቆጥራለች። እሱ ደግሞ በመደበኛ ስልክ ይደውላል።

«ስሜ አለ?»

«በምን ልየው?»

«ኔትወርክ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው አባቴ ነው» አለኝ አንድ ቀን። ድምፁ በደንብ አይሰማም ነበር። የመጨረሻ ሥራውን ላፕቶፑ ላይ አዘጋጅቶ፣ ሳይልከው ሞተ።

ከሦስት ወር በላይ ቆይቶ ኔትወርክ የተመለሰ ዕለት ከተማው ፈነደቀ። እኔ ፋይሉን ከፈትኩ፤ ስሙ የለም። ሰነፉ ባልደረባችን ደውሎ «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» አለኝ። እስከ ዛሬ ሰላም አልለውም። ስሙን ልመልሰው እጄን ዘረጋሁ፤ «እንዳትነካት» ያለው ትዝ አለኝና ተውኩት።

ብዙም ሳይቆይ አባትየው ስልካቸውን ይዘው ወልቂጤ ድረስ መጡ።

«ይሄ ስልክ ተበላሽቶ ነው መሰለኝ፣ የልጄ ስም ጠፋብኝ» አሉኝ።

ሕጉን ከመጀመሪያ ጀምሬ ነገርኳቸው። ከዕድራቸው የወሰደው መሆኑንም አልደበቅኩም። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«እኛ እኮ የታመመ አንሰርዝም» አሉ። «ሰው ከታመመማ ሄደን እንጠይቀዋለን። ምነው ቢጠይቀኝ?» ስልኩን ወደኔ አስጠጉት። «ታዲያ ልጄን ማነው የሰረዘው?»

ራሱ ነው ማለት አቃተኝ።

«ማሽኑ ነው፣ አባባ» አልኳቸው።