በማርቆስ ስልክ የገባው መልእክት

ኢሕአዴግ ሊወርድ ሁለት ሦስት ዓመት ሲቀረው፣ ወላይታ ሶዶ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ስሠራ የገጠመኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የዚያች እናት ጥያቄ ግን ዛሬም ሥራ ላይ ሳለሁ ይመጣብኛል።

አብሮኝ ማርቆስ የሚባል የቦዲቲ ልጅ ይሠራ ነበር። ታካሚዎች በር ላይ ተኮልኩለው እንዳይውሉ፣ ተራቸው ሲደርስ በስልክ መልእክት የሚጠራ ሲስተም የጀመርነው ከሱ ጋር ነው። የታካሚዎቹ ስልክና ተራ የሚመዘገብበት ዳታቤዝ ውስብስብ አልነበረም፤ ስልክ ቁጥር ስትሰጠው የዚያን ሰው ተራ ይመልስልሃል፣ በቃ። ማርቆስ ጭነት መቻሉን የሚፈትን ስክሪፕት፣ አጭር ፕሮግራም፣ ጻፈለት። ኮምፒውተሩ ላይ በሚከፈተው ጥቁር የትእዛዝ መስኮት አንድ መስመር ጽፈህ ስትለቀው፣ የሶዶ ሰው ሁሉ ባንዴ የታመመ ያህል ጥያቄ ያዘንብበታል፤ ሲስተሙም ለእያንዳንዱ ጥያቄ የጥሪ መልእክት ይልካል፤ በሰከንድ ምን ያህሉን እንደሚያስተናግድም ይነግርሃል።

ሥራው ሳያልቅ ማርቆስ ሞተ። ከቦዲቲ ሲመጣ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ።

ከወራት በኋላ ፈጣን ነው የተባለ ሌላ ዳታቤዝ አገኘሁና ከአሮጌው ጋር ላወዳድረው ፈለግሁ። አንድ ጠዋት የማርቆስን ስክሪፕት በሁለቱም ላይ አስሮጥኩት። አዲሱ በለጠ። ደስ ብሎኝ ምሳዬን በላሁ።

በማግስቱ የማርቆስ እናት ቢሮዬ መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። የልጃቸውን ስልክ ቻርጅ እያደረጉ እንደሚያቆዩት አላውቅም ነበር።

«አንብብልኝ ልጄ» አሉኝ በወላይትኛ። «የጎረቤት ልጅ አንብባልኝ አላመንኳትም።»

«ተራዎ ደርሷል፤ ይምጡ» ይላል። ከሥሩ ያው ቃል፣ ከዚያም ሥር ያው ቃል። ጣቴ ቢወርድ ቢወርድ አያልቅም።

ስክሪፕቱን ከፈትኩት። ቁጥሮቹ ሁሉ የፈጠራ ናቸው፤ የትም አይደርሱም። የመጀመሪያው ብቻ የራሱ የማርቆስ ነው። መልእክቱ በትክክል መግባቱን በገዛ ስልኩ ሊያይ ያስገባው መሆን አለበት።

«እማማ፣ ማሽን ነው። ማርቆስ በሕይወት ሳለ የሠራው ነገር ነው የላከው» አልኳቸው።

«ማርቆስ የሠራው ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው የጠራኝ እሱ ነዋ።» አላለቀሱም። «ላሜን ለእህቴ ሰጥቼ፣ ቤቴን ዘግቼ ነው የመጣሁት። በየት በኩል ነው የምገባው?»

ሻይ አስመጣሁላቸው፤ አልጠጡም። እንደገና ላስረዳቸው ሞከርኩ። በመጨረሻ ተነሡ። ብቻቸውን ልለቃቸው ስላልቻልኩ አብሬያቸው ቦዲቲ ድረስ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሁሉ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘውት ነበር። እህታቸው በር ላይ ስታያቸው አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

ልመለስ ስል ጠሩኝ። «ቁጥሩን ልታጠፋው ነው?»

«አጠፋዋለሁ፣ እማማ።»

«አንዳንዴ ላክልኝ። ይምጡ ግን አይበል።»

ቁጥሩን ያን ቀን ከስክሪፕቱ አወጣሁት። እስካሁን ምንም አልላክሁላቸውም፤ ወደ ማርቆስ ስልክ ምን ብዬ ልጻፍ?

አሁን ሌላ መሥሪያ ቤት ነኝ፤ ሥራዬም ያው ዳታቤዝ መፈተን ነው። የሙከራ ቁጥሮቹን ሳላይ አልጀምርም። ቢሆንም ትእዛዙን በለቀቅሁት ቁጥር፣ የሆነ ቤት ውስጥ ስልክ ጮሆ አንዲት እናት ከተቀመጡበት የሚነሡ ይመስለኛል።