ባዶ ሊቀር የነበረው ወንበር

ቃሉን መጀመሪያ ያየሁት ኮተቤ ገና ኮሌጅ ሳለ፣ ለዜና ሄጄ በአዳራሹ በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነው፦ «አይስቴድቮድ»። ሆሄያቱን ማስታወሻዬ ላይ አንድ በአንድ ገልብጬ የዝግጅቱን አዘጋጅ ትርጉሙን ጠየቅኩት። ከዌልስ የመጣ ወጣት የእንግሊዝኛ መምህር ነው፤ አማርኛው ከእኔ እንግሊዝኛ ይሻላል። በአገሩ የግጥምና የዜማ ውድድር የሚካሄድበት በዓል መሆኑን፣ አሸናፊው ገጣሚም ወንበር እንደሚሸለም ነገረኝ። ወንበሩ መድረኩ ላይ ነበር፤ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ የተሠራ፣ መደገፊያው የተቀረጸ።

ደንቡንም ጻፍኩ። ግጥሙ በብዕር ስም ይገባል። አሸናፊው በብዕር ስሙ ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ ካልተነሳ ወንበሩ ባዶ ይቀራል።

አዳራሹን የሞሉት ዓመቱን ሲያስተምሩ ከርመው ክረምቱን ሊማሩ የመጡ መምህራን ነበሩ።

«የእንጦጦ ጭጋግ!» ሲል አዘጋጁ የአሸናፊውን የብዕር ስም ጠራ።

ከፊቴ የተቀመጠች፣ አርባ ዓመት የሚሆናት መምህርት ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። ጎረቤቷ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«አንቺ፣ ያንቺ አይደል እንዴ?»

«ዝም በይ! ምን ብዬ እነሳለሁ? ዓይን አውጣ ልባል?»

ሁለተኛ ጠራ። የተነሳ የለም። እኛ ዘንድ ለምስጋና ሲጠሩት ዘሎ የሚነሳ አይወደድም፤ ሰው «ኧረ ተዉኝ» እያለ ተጎትቶ ነው የሚወጣው። እሱ ይህን ከየት ይወቀው? ወደ ባዶው ወንበር እያየ ፊቱ ጠቆረ።

እኔ ዜና እዘግባለሁ እንጂ ዜና ውስጥ አልገባም። በሥራ ዘመኔ ይህን ደንብ ጥሼ አላውቅም ነበር። ሦስተኛውን ሊጠራ አፉን ሲከፍት ብድግ አልኩ።

«ይቅርታ፣ መምህር። እኛ አገር ሰው ራሱ አይነሳም፤ ያስነሱታል። ከጎኗ ያላችሁ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሁለት ሴቶች ብብቷን ይዘው አነሷት።

«ኧረ በማርያም ተዉኝ!» ትላለች፤ እግሯ ግን ከያዟት ሴቶች ይቀድም ነበር።

ግጥሟ ከእንጦጦ ማገዶ ተሸክመው ስለሚወርዱ ሴቶች ነው። እናቷ ከእነሱ አንዷ ነበረች፤ እሷም በልጅነቷ ተሸክማለች። አንብባ ስትጨርስ ወንበሩን በእጇ ዳሰስ አደረገችና ተቀመጠችበት።

«ስሸከመው ነው ያደግሁት» አለች፤ «ዛሬ ደግሞ እሱ ይሸከመኝ!»

ዜናዬ ላይ «በታዳሚዎች ግፊት ወደ መድረክ ወጥታ» ብዬ ጻፍኩ። ሐሰት አልነበረም። መጀመሪያ የገፋው ታዳሚ ማን እንደነበር ግን አልጠቀስኩም።