ወደ ጋሳይ ይዤው የሄድኩት የደም ምርመራ ውጤት

ከባሕር ዳር የተነሳሁት ማለዳ ነው። ጉዞዬ ለበዓልም ለለቅሶም አልነበረም። ጉና ተራራ ሥር፣ ጋሳይ አጠገብ ለሚኖሩት የአባቴ እህት፣ ለአክስቴ የሺ፣ በስልክ የማይነገር ነገር ይዤ ነበር።

ባለፈው ዓመት የጡት ካንሰር ተገኝቶብኝ አዲስ አበባ ታከምኩ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሐኪሜ ደሜን ወደ ውጭ አገር ላኩት። ዲ ኤን ኤ የሚባለውን፣ ከእናትና ከአባታችን የምንወርሰውን የሰውነት መመሪያ፣ ፊደል በፊደል የሚያነብ መሣሪያ አለ። የእኔ ሲነበብ አንድ ቦታ ላይ ስህተት ተገኘ። «አብሮሽ የተወለደ ነው» አሉኝ ሐኪሜ። አሁን የምወስደውን መድኃኒት የመረጡልኝ ይህንን አይተው ነው። እናቴ ተመርምራ እሷ ላይ የለም ተባለ። ስለዚህ የመጣው በአባቴ በኩል ነው። አባቴ አርፏል፤ የአክስቴ የሺ ታላቅ ልጅ ጥሩዓለምም በጡት ሕመም ሞታለች። የቀሩትን ማስጠንቀቅ የእኔ ፋንታ ሆነ።

እስከ ደብረ ታቦር

ሐሙሲት የገበያ ቀን ስለነበር ሚኒባሱ በበግና በአህያ መሀል እየተሹለከለከ አለፈ። ፎገራ ሜዳ ላይ የታጨደው ሩዝ ተከምሯል። ወረታ ላይ ወደ ጣራ ገዳም የሚሄዱ ሁለት መነኮሳት ወረዱ፤ እኛ ወደ ቀኝ ታጠፍን። ዓለም በርን ካለፍን በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። ብርዱ በመስኮት ሲገባ ጋቢዬን አወጣሁ።

ደብረ ታቦር የተቀበለችኝ የአክስቴ ታናሽ ልጅ ማሬ ናት። ከሳዑዲ ተመልሳ መናኸሪያው አጠገብ ፀጉር ቤት ከፍታለች። ቤቷን ዘግታ በባጃጅ ምሳ ቤት ወሰደችኝ። ሽሮው እየተንተከተከ ሲቀርብ ነገርኳት።

«እኔም አለብኝ ማለት ነው?»

«አይታወቅም። እናትሽ ላይ ከሌለ አንቺ ላይም አይኖርም። እሳቸው ላይ ካለ ግን ለአንቺ የመድረሱ ነገር እኩል በእኩል ነው።»

የቆረሰችውን እንጀራ መልሳ አስቀመጠች። «ለእናቴ ስትነግሪያት የላሟን ነገር እንዳትረሺ» አለችኝ።

የላሟን ታሪክ ዘመድ ሁሉ ያውቀዋል። የጥሩዓለም ባል ሙሉቀን ከገበያ አንዲት ላም ገዝቶ አመጣ። ጥሩዓለም ስታልባት ጡቷ ላይ ረገጠቻት። ወዲያው እብጠት ተገኘ። አክስቴ «ተራጋጭ ላም አምጥቶ ልጄን አስገደላት» አሉ። ከቀብሩ ወዲህ አማቻቸውን አናግረው አያውቁም። የልጅ ልጃቸውን ትዕግሥትንም የሚያዩዋት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ከሩቅ ነበር።

ጋሳይ

ከማሬ ጋር ከመኪና ወርደን በገብስ ማሳዎች መሀል በእግር ሄድን። አክስቴ ደጃፋቸው ላይ ድንች ሲለቅሙ አገኘናቸው። ጉንጬን ደጋግመው ሳሙኝ፤ «ከሳሽብኝ፣ ልጄ» እያሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ ድንቹን አብሬያቸው እየለቀምኩ ነገሩን ጀመርኩ።

«እቴቴ፣ የእኔ ሕመም በዘር የመጣ ነው። ከአባቴ ነው የወረስኩት። ጥሩዓለምም ያንኑ ወርሳ ሊሆን ይችላል። እሷን መመርመር ስለማይቻል ይህን በእርግጠኝነት አልናገርም። ምት ግን ካንሰር አያመጣም።»

«ላሚቱስ?»

«ላሚቱ አይደለችም። እብጠቱ ቀድሞም ነበረ ይሆናል። ሲያማት ስትዳብሰው ነው ያገኘችው።»

እጃቸው ድንቹ ላይ ቆመ። «ወንድሜ ለአንቺ ሰጠ። ለእሷ ደግሞ እኔ ነኛ የሰጠኋት።»

«እርስዎ ላይ ላይኖርም ይችላል» ብል አልሰሙኝም፤ ተነስተው ወደ ቤት ገቡ። ማሬ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ተመለከተችኝ። «ይህን ልትነግሪያት ነው እዚህ ድረስ የመጣሽው?» አለች። ባልመጣሁ ብዬ ተመኘሁ።

በማግስቱ አክስቴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። «ሙሉቀን ዘንድ ውሰዱኝ» አሉ።

ሙሉቀን አውድማ ላይ ገብስ ያበራይ ነበር። ሲያየን በሬዎቹን አቁሞ ባለበት ቀረ።

«ላሚቱ አይደለችም አሉኝ» አሉ አክስቴ ገና ሳይደርሱ። «አንተም አይደለህም። በዘር ነው ይላሉ፤ ከእኔ ይሆናል። ይህን ሁሉ ዘመን በከንቱ ከሰስኩህ።»

መንሹ ከእጁ ወደቀ። «እኔም እኮ ላሚቱ ናት ብዬ ነው የኖርኩት» አለ። «ያን ቀን ገበያ ባልወጣ ኖሮ እያልኩ።» ቀረብ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። «አንቱም አይደሉ፣ እማ። አንቱስ ቢሆን ከወላጅዎ ሳያውቁት ነው የተቀበሉት። ምን አጠፉ?»

አክስቴ ያኔ አለቀሱ። ትዕግሥት ድምፁን ሰምታ ከቤት ወጣች። ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ረጅም ጊዜ አዩዋት።

እዚያው የገብስ ቂጣ በእርጎ በላን። ትዕግሥት ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ጥያቄዋ ብዙ ነበር። ውርሱ ያለበት ሰው ታመመ ማለት እንዳልሆነ፣ በየጊዜው ከታየ ግን ሕመሙ ቢመጣ እንኳ ገና በጠዋቱ ሊደረስበት እንደሚችል ነገርኳት። ለሐኪሜ ስደውል በቅድሚያ መመርመር ያለባቸው አክስቴ ናቸው አሉ።

መልስ

ስመለስ አክስቴና ትዕግሥት አብረውኝ ወረዱ። ማሬ ደብረ ታቦር ላይ እናቷን ስታሰናብት ጆሮዬ ላይ «አትቀየሚኝ» አለችኝ። ባሕር ዳር፣ ክሊኒኩ ውስጥ፣ አክስቴ እጃቸውን ዘርግተው ለነርሷ «ይኸው፣ ይነበብ» አሏት። ደሙ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ውጭ ተላከ። ሁለቱም እኔ ቤት ሰነበቱ።

ውጤቱ ገና አልመጣም። አክስቴ ላይ ስህተቱ አልተገኘም ሊባል ይችላል፤ ያኔ ጥሩዓለምን የወሰዳት ምን እንደሆነ አናውቅም። ከሙሉቀን ጋር ለመታረቅ ግን ውጤቱን አልጠበቁም።

ነፋስ መውጫ ደግሞ የአባቴ ወንድም አለ፤ እሱም ሴት ልጆች አሉት። እዚያ ስሄድ ስለ መሣሪያውም ስለ ፊደሉም የማስረዳው በኋላ ነው። መጀመሪያ የምናገረው ማንም እንዳላጠፋ ነው።